የኮቫሪያንስ ኖይዝ ምንድን ነው? የሃርትላፕ ፋክተርስ ያጠፋዋል?

ኮቫሪያንስ ልኬቶቻችን ምን ያህልና እንዴት አብረው እንደሚዋዥቁ የሚያሳይ የቁጥር ሰንጠረዥ (ማትሪክስ) ነው፤ ኢንቨርሱ ግልባጩ ነው። የሃርትላፕ ፋክተር ደግሞ የግልባጩን መዛነፍ የሚያርም ማባዣ ቁጥር ነው። አሁንም አንዱ ጽፎት አየሁ፤ «ኢንቨርሱን በሃርትላፕ ፋክተር አባዝተናል፤ የኮቫሪያንሱ ኖይዝ ተወግዷል።» አልተወገደም ወዳጄ! የተወገደው መዛነፉ ነው። መዋዠቁ እዚያው ቁጭ ብሏል።

በጋላክሲ ቅኝት ሰማዩ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮቫሪያንሱን ለመገመት ሰው ሠራሽ ሰማያት በሲሙሌሽን እናመርታለን። ቁጥራቸው ውስን ስለሆነ ግምቱ ይዋዥቃል፤ የኮቫሪያንስ ኖይዝ የምንለው ይኼንን ነው። ሲገለበጥ (ኢንቨርሱ ሲወሰድ) ደግሞ በአማካይ ከእውነተኛው ይበልጣል፤ መዛነፉ ይኼ ነው። ያኔ ያልያዝነውን መረጃ የያዝን ይመስለናል።

አስበልጦ የሚያነብ፣ በዚያ ላይ በመዘነ ቁጥር የሚወዛወዝ የጤፍ ነጋዴ ሚዛን አስብ። ነጋዴው ደንበኛ እንዳይጎዳ ምራቂ ይጨምራል። ሃርትላፕ ይኼ ምራቂ ነው። መቶ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ሒሳቡ ይካካሳል። አንዴ ለገዛ ግን የዛሬው ኪሎ ጎድሎ ይሁን ተርፎ ምራቂው አያውቅም። እኛ ደግሞ የምንገዛው አንዴ ነው፤ በአንድ ኮቫሪያንስ ነው ውጤት የምናወጣው።

በቁጥር እንየው። 400 ልኬት፣ 1,000 ሲሙሌሽን፣ 5 ፓራሜትር (ከልኬቱ የምትገምታቸው የሞዴሉ ቁጥሮች) አለህ እንበል። ፋክተሩ 598/999፣ ማለትም 0.6 ገደማ ነው። አባዛህበት፤ ጥሩ። ዶደልሰንና ሽናይደር በ2013 ባወጡት ቀመር ከሄድን ግን፣ ከዚያ በኋላም የፓራሜትሮችህ ቫሪያንስ 66 በመቶ ያህል ይጨምራል። (ሲሙሌሽኑ 400 ብቻ ከሆነማ ኢንቨርስ የሚባል ነገር የለም።)

ታዲያ መዋዠቁን ምን ይቀንሰዋል? አንደኛው ሲሙሌሽን ማብዛት ነው፤ ቦስ የተባለው የጋላክሲ ቅኝት 2,048 የፓቺ ሞኮችን (ሰው ሠራሽ ሰማያትን) የተጠቀመው ለዚህ ነው። ልኬቱን መጭመቅም ይረዳል፤ ከ400 ወደ 20 ካወረድከው ያው 1,000 ሲሙሌሽን ይተርፍሃል። የሲሙሌሽኑን ግምት በንድፈ ሐሳብ ከተሰላው ጋር መቀላቀልም ይሠራል፤ ግን የንድፈ ሐሳቡ ስህተት አብሮ ይገባል። ሴለንቲንና ሄቨንስ በተለመደው የደወል ቅርጽ (ጋውሳዊ) ስርጭት ፈንታ ያቀረቡት፣ ጅራቱ የሚወፍር ቲ-ስርጭትም አለ። እሱ ኖይዙን አይቀንስም፤ እርግጠኛ አለመሆናችንን አይደብቅም እንጂ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሲሙሌሽኑ የሚሠራው በሳጥን ውስጥ ከሆነ፣ ከሳጥኑ የሚበልጡ የጥግግት ሞገዶች የሚያመጡት ልዩነት ከኮቫሪያንሱ ይጎድላል። ይኼን ሚሊዮን ሲሙሌሽን ብታስሮጥም አታገኘውም፤ ለብቻው ተሰልቶ መደመር አለበት።