ልጁ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጓል ወይ? ከምጥ በፊት ስላለው የፅንስ አቀማመጥ

እርግዝናው ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ወር ላይ ሲደርስ ይህ ጥያቄ የማይነሳበት ቤት የለም። እናት ትጠይቃለች፣ አማት ትጠይቃለች፣ ጎረቤትም ቡና ላይ ታነሳዋለች። ከጥያቄው ጋር ምክሩም ይከተላል። እንዲህ ተኚ፣ እዚያ አትቀመጪ፣ ሆድሽን የምታሽ ሴት አውቃለሁ... ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠቅም አለ፣ ለውጥ የማያመጣም አለ። ልጅንም እናትንም የሚያሳጣ አለ፤ ይሄኛውን ሳይለዩ ማለፍ አይገባም።

ጥሩ የሚባለው አቀማመጥ ጭንቅላት ወደ ታች፣ አገጭ ወደ ደረት ተጠግቶ፣ የልጁ ጀርባ ወደ እናቱ ሆድ፣ ፊቱ ደግሞ ወደ እናቱ ጀርባ ሲሆን ነው። ልጁ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ በዳሌ አጥንት መካከል የሚያልፈው የጭንቅላቱ ስፋት 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፊቱን ወደ እናቱ ሆድ አዙሮ አንገቱን ቀና ካደረገ ግን ወደ 11.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስትሰማ ትንሽ ነች። ምጥ ላይ ግን ሰዓታት ትጨምራለች፤ ሕመሙ ወገብ ላይ ይበረታል፣ በመሣሪያ ወይም በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሉም ከፍ ይላል።

በመቀመጫው ወይም በእግሩ የሚመጣ ልጅ ሌላ ነገር ነው። አግድም የተኛ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጊዜው የደረሰ ልጅ ምጥ ላይ አግድም እንደሆነ ከቀረ በማህፀን በር መውለድ አይቻልም። ሽርት ውሃው ሲፈስ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣና ልጁ ሊታፈን ይችላል።

ቀድሞ መጨነቅ ግን አያስፈልግም። በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ ገና በመቀመጫው ነው። ጊዜው ሲደርስ ግን እንዲህ ሆነው የሚቀሩት ከመቶ 3 ወይም 4 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ይዞራሉ። የማይዞሩት ብዙ ጊዜ ምክንያት አላቸው፦ መንታ መሆን፣ የሽርት ውሃ መብዛት ወይም ማነስ፣ እንግዴ ልጅ የማህፀን በር ላይ መቀመጥ፣ እጢ፣ የማህፀኑ ቅርጽ። አንዳንዴ ምክንያቱ ጨርሶ አይታወቅም። እናትየዋ አተኛኘቷን ስላላሳመረች አይደለም፤ ይህን ለነፍሰ ጡር ደጋግሞ መንገር ይገባል፣ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች ጥፋቱን ወደራሳቸው ይወስዳሉ።

ታዲያ በአቀማመጥ ልጁን ማዞር ይቻላል የሚለው ከየት መጣ? በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኒውዚላንዷ አዋላጅ ጂን ሱተን ከፖሊን ስኮት ጋር ሆና አንድ ሐሳብ አስፋፋች። ሶፋ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ መቀመጥ የልጁን ከባድ ክፍል፣ ማለትም ጀርባውን፣ ወደ እናቱ አከርካሪ ይስበዋል፤ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ ጉልበትን ከዳሌ ዝቅ አድርጎ መቀመጥ፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ መቆየት ደግሞ ጀርባውን ወደ ሆድ ያመጣዋል አሉ። ምክሩ ለመስማት ደስ ይላል፣ ለመሥራትም ቀላል ነው። ብዙም ሳይቆይ በየአገሩ የእርግዝና ትምህርት ውስጥ ገባ።

ቆይቶ ተፈተነ። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት 2,547 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ደቂቃ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ወገቡን እንዲያወዛውዝ፣ ሌላው በየቀኑ እንዲራመድ ተደረገ። ሲወለዱ ፊታቸውን ወደ እናት ሆድ አዙረው የመጡት ልጆች በሁለቱም ወገን ከመቶ 8 ገደማ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው።

እና ይተው? እኔ ይተው አልልም። ተንበርክኮ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ለብዙ ሴቶች የወገብ ሕመም ያቀልላል፤ ምጥ ላይም ቢሆን ያሳርፋል። ሰውነት የሚወደውን ማድረግ ጥሩ ነው። ልክ ያልሆነው እንደ ግዴታ ማየቱ ነው። ሶፋ ላይ አረፍ ብለሽ ፊልም ብታዪ ልጁን አላበላሸሽም። አንድ የአተኛኘት ምክር ግን ጠንካራ ማስረጃ አለው። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ለእንቅልፍ በጎን መተኛት ይሻላል። በጀርባ ሲተኙ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፣ ወደ ልጁ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል። ግራም ቀኝም ይሆናል። ሌሊት በጀርባሽ ሆነሽ ብትነቂ ተገልብጠሽ መተኛት ነው፣ መደንገጥ አያስፈልግም።

አቀማመጡ በእጅ ይታወቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሊዮፖልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባስቀመጠው አራት ደረጃ ያለው ዳሰሳ አዋላጇ ላይኛውን፣ ጎኑንና ታችኛውን ሆድ ትዳስሳለች። ጠንካራና ክብ የሆነው ጭንቅላት ነው፤ ለስለስ ያለው መቀመጫ። የልብ ምቱም ፍንጭ ይሰጣል። ጤና ጣቢያዎቻችን ውስጥ ያለው የመለከት ቅርጽ ያለው ማዳመጫ ፒናርድ ይባላል፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች ከሆነ ምቱ ብዙ ጊዜ ከእምብርት በታች ይሰማል። አጠራጣሪ ሲሆን አልትራሳውንድ ቁርጡን ይነግራል። ዋናው ጊዜ 36ኛው ሳምንት ነው። ክትትል ላይ ማንም ካልነገረሽ አንቺ ጠይቂ፦ «ልጄ እንዴት ነው የተቀመጠው?» ብለሽ።

በ36ኛው ሳምንት በመቀመጫው ከሆነ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ዳሌን ከፍ፣ ደረትን ዝቅ አድርጎ መንበርከክ በሰፊው ይመከራል፤ ልጁን ማዞሩ ግን አልተረጋገጠም። ቻይናዎች የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠል በትንሿ የእግር ጣት አጠገብ በማጨስ ያሞቃሉ፤ አንዳንድ ጥናት ውጤት አግኝቶበታል፣ ሌላው አላገኘም። ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው ሐኪም ከውጭ በእጁ ልጁን የሚያዞርበት ዘዴ ነው። ለበኩር ከ36ኛው፣ ወልዳ ለምታውቅ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ይሞከራል። በአልትራሳውንድ እየታየ፣ የልጁ ልብ እየተደመጠ፣ አስፈላጊ ከሆነ ማህፀን የሚያላላ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል በቅርብ ባለበት ቦታ ነው የሚደረገው። ግማሽ ያህሉ ይሳካል፤ ቀድማ የወለደች ሴት ዕድሏ ይበልጣል። አስቸኳይ ኦፕራሲዮን የሚጠይቅ ችግር የሚገጥመው ከ200 አንድ ገደማ ነው። እንግዴ ልጁ በር ላይ ለተቀመጠ፣ ለምትደማ፣ ሽርት ውሃዋ ለፈሰሰ ሴት አይደረግም። ደምሽ አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፤ መርፌ ያስፈልግሻል።

ካልዞረ ብዙ ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮን ይመክራሉ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ በ26 አገሮች የተሠራ ትልቅ ጥናት ይህን አጠንክሮታል። ልምድ ያለው ሰው ካለና ሁሉ ከተመቸ በመቀመጫው የመጣን ልጅ በማህፀን በር ማዋለድ ዛሬም ይደረጋል፤ ቤት ውስጥ ግን አይሞከርም።

አሁን ወደ እኛው ነገር። በገጠርም በከተማም «ልጁ ተጣሟል፣ ይታሽልሽ» የሚሉ አሉ። አሺዎቹ ብዙውን ጊዜ ደግ ሴቶች ናቸው፤ ስንት እናት አጽናንተዋል፣ አዋልደዋል። ቀስ ብሎ ቅባት መቀባት፣ ወገብ ማሸት አይከፋም። ሆድን በኃይል እየገፉ ልጅ ለማዞር መሞከር ግን ሌላ ነው። እንግዴ ልጁ ቀድሞ ሊላቀቅ፣ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል፤ በተለይ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን በወለደች ሴት ላይ። ሐኪሙም በእጁ ነው የሚያዞረው አይደል ይሉሻል። አዎ፣ ግን እንግዴ ልጁ የት እንዳለ አይቶ፣ የልብ ምቱን እየሰማ፣ ነገር ቢበላሽ ኦፕራሲዮን ክፍል አጠገቡ ሆኖ። ለእናትሽም፣ ለአማትሽም ይህንን በትሕትና ንገሪያቸውና እምቢ በይ።

ምጥ ከጀመረ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ፊታቸውን ወደ ሆድ አዙረው ምጥ የሚጀምሩ ልጆች አብዛኞቹ በምጡ ጊዜ ራሳቸው ይዞራሉ። መንቀሳቀስ፣ መቆም፣ መንበርከክ ከተመቸሽ ጠይቂና አድርጊ። ካልዞረና ምጡ ከቆመ የሠለጠነ ባለሙያ በጣቱ ሊያዞረው ይችላል።

ሆስፒታል ርቆባት ለምትኖር፣ በተለይ ልጇ አግድም ለተኛ ሴት፣ ቀኗ እስኪደርስ ቤት መቀመጥ አይገባም። እርዳታ ያላገኘና የታሰረ ምጥ የሚያስከትለውን አገራችን በፊስቱላ አይታዋለች፤ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው በ1959 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ ሥራቸውን ለዚህ ሰጥተው ሆስፒታል የከፈቱት፣ በኋላም የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው በዚሁ ምክንያት ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ግቢ የእናቶች ማቆያ አለ። ምጥ ሳይመጣ ሄደሽ እዚያው ትቆያለሽ፣ ትመረመሪያለሽ፣ ምጡ ሲጀምር ሐኪሙ ቅርብ ነው። አልጋ መኖሩን፣ ምግብ ማን እንደሚያቀርብና አስታማሚ መቀመጥ መቻሉን ክትትል ስትሄጂ ቀድመሽ ጠይቂ፤ ከ36ኛው ሳምንት ምርመራ ጋር አብሮ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።