አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ምንድን ነው?

ጣና ዳር ለሚውል ሰው ፒንሳ፣ ሴንጢና ካቻቪቴ አንድ ላይ የታጠፉበት የኪስ መሣሪያ ትልቅ ረዳት ነው። የጀልባ ሞተር ብሎን ያጠብቃል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ አምባዛም ያፀዳል። ብዙ ሰው ሲገዛ ስለቱን ነው የሚያየው። እኔ መጀመሪያ የማየው እጀታውን ነው። ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ፣ ሲነኩት ብረት ብረት የሚል ግን ቀለል ያለ እጀታ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ነው።

ቅብ አይደለም። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው በራሱ ስስ የኦክሳይድ፣ ማለትም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር የተዋሐደ የአሉሚኒየም ሽፋን ያበጃል። ይህ ሽፋን ውስጡን ከመበላት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል። ፋብሪካው የሚያደርገው ይህንኑ ሽፋን ማወፈር ነው። አሉሚኒየሙ የመኪና ባትሪ ውስጥ ባለው ዓይነት አሲድ፣ ማለትም በሰልፈሪክ አሲድ ይነከርና ከፖዘቲቭ ጋር ተያይዞ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ሽፋኑ ከራሱ ከአሉሚኒየሙ እየበቀለ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ይደርሳል፤ አንድ ማይክሮን 1000 ናኖሜትር ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ቀለም ይጠጣል፤ በመጨረሻም ቀዳዳዎቹ በሙቅ ውሃ ይደፈናሉ። ለዚህ ነው ቀለሙ የማይላጠው። በኃይል ከተጫረ ግን ነጩ አሉሚኒየም ብቅ ይላል፤ ቤት ውስጥ የሚመለስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ልማድ እንምጣ። ዓሣ ያፀዳንበትን ነገር በአመድ ፈትገን ማጠብ የተለመደ ነው። ለድስት ይሁን። ለዚህ እጀታ ግን እባካችሁ ተዉት! አመድ ውሃ ሲነካው አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ይሆናል፤ አልካላይ ደግሞ ይህን ሽፋን ይበላዋል። ፍትጊያው ሲጨመርበት ጉዳቱ ድርብ ነው። በረኪናም እንዲሁ። ሎሚ ከነካውም ሳይቆይ ይታጠብ። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ከበቂ በላይ ነው።

ሌሎቹስ? የማይዝግ ብረት ጠንካራ ነው፤ ክብደቱ ግን ለተመሳሳይ መጠን የአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ቲታኒየም በሁለቱ መካከል ነው፤ ዝገት አያውቅም፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ፕላስቲክ ለእጅ ይመቻል፣ ፀሐይ ላይ ቢውልም እንደ አሉሚኒየም አያቃጥልም። ነገር ግን ማታ ሐይቁ ዳር ዲት (DEET) የተባለ ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ከተቀባችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ያዙት፤ ዲት አንዳንድ ፕላስቲኮችን ያሟሟል። ለጀልባ ሥራ እኔ የምመርጠው አኖዳይዝዱን ነው። ቀላል ነው፣ ደማቅ ቀለሙም ጀልባው ወለል ላይ ሲወድቅ ቶሎ ይታያል።

እጀታው ባይዝግም ውስጡ ያለው ስለትና ማጠፊያ ብረት ነው። የጣና ውሃ ጨው አልባ ስለሆነ የባሕር ውሃን ያህል አይጎዳም። እርጥብ ሆኖ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ማደሩ ግን ከላብ ጋር ተዳምሮ ዝገት ይጠራል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ሁሉንም ዘርግታችሁ አራግፉት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። የኑግ ዘይት አይሆንም፤ እያደር ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ምግብ ለምትቆርጡበት ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን ይሻላል።