ስለ ጎጃም ሰው እምነት በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ጎጃሜ ነኝ ስል «እናንተ እኮ በዓል ከማክበር ሌላ ሥራ የላችሁም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቀልድ ነው፤ እስቃለሁ። አንዳንዱን ወሬ ግን ሰው የምሩን ይዞታልና እስቲ ልመልስ።

«የቆሎ ተማሪ ለማኝ ነው»

ይቺ ታናድደኛለች። ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ያየ የከተማ ሰው ከንፈሩን ይመጣል። የቀረውን ቀን ልጁ ምን እንደሚሠራ ግን አላየም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉት የጎጃም የአብነት ትምህርት ቦታዎች ስማቸው የገነነው በትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ራሱ አስቦ ይደርሳል፤ ከዚያ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የሚጀምረው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው፣ ጉባኤ ቃና ከሚባለው የቅኔ ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይመጣል። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማምጣት የለም። የሰውን መስረቅማ ጨርሶ ነውር ነው።

ቁራሹ እንግዲህ የመንደሩ መዋጮ ነው በሉት። እናቴ ጋግራ ስትጨርስ የምታወጣትን እንጎቻ እኛ ልጆቹ ምጣዱ ዳር ቁጢጥ ብለን እንጠብቃለን። ልክ ስትወጣ ተማሪ በር ላይ ይደርሳል። ትሰጥብን ነበር! ስንት ቀን አኩርፈናል።

«ጠበል የሚሄድ ሰው በሐኪም አያምንም»

ወደ ሰከላ፣ ዓባይ ወደሚነሳበት ወደ ግሽ ዓባይ፣ ለጠበል የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ሁሉም ሕክምናን ጠልቶ የመጣ ይመስላችኋል? ጎረቤታችን የነበሩ አንድ እትዬ ጠበል ሲሄዱ የደም ግፊት ክኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ፣ መጽሐፈ ሲራክ፣ ምዕራፍ 38 ላይ ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል።

እውነቱን ለመናገር «ክኒኑን ጣለው» የሚል አጥማቂ አይታጣም። ሰምቶት የተጎዳ ሰው አውቃለሁ። ግን ያ የሰውየው ድፍረት እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

ጾምም እንዲሁ ነው። የታመመንና አራስን ግድ ጹሙ የሚል የለም። ራሳቸው እምቢ የሚሉ እናቶች ግን ሞልተዋል፤ እነሱን ማሳመን የንስሐ አባት ሥራ ነው።

«በዓል ማለት ሥራ መፍታት ነው»

ግማሽ እውነት አለበት። ዐበይት የጌታ በዓላት 9፣ ንዑሳኑም 9 ናቸው። በዚያ ላይ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ በየወሩ አሉ። ብዙው ደግሞ እንደ አጥቢያው ነው፤ እዚህ 23 ጊዮርጊስ ተብሎ ቀንበር ሳይነሳ፣ ከወንዝ ማዶ ሲታረስ ታያለህ። እህል ደርሶ በረዶ ሲያስፈራ ይሄ ልማድ ዋጋ ያስከፍላል ባይ ነኝ።

ግን ያ ቀን ባዶ አይደለም። ባልና ሚስት የሚታረቁት፣ የድንበር ጠብ ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው፣ የማኅበሩ ጽዋ የሚጠጣው ያን ዕለት ነው። ማኅበርተኛ ከቀረ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል፤ ታሞ ከሆነ ከዚያው ተነስቶ መጠየቅ ነው። በሬውም ያርፋል፤ እሱን የሚያነሳው የለም እንጂ።

«ጎጃም ያለው ክርስቲያን ብቻ ነው»

አይደለም። ባሕር ዳርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ሞጣም ሙስሊም አለ። ሥጋ አንዱ የሌላውን አይበላም፤ ድግስ ላይ ግን መጠራራት አለ። እኛ ቤት ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በግ ተለየ። አራጁም፣ ድስቱም፣ ሳህኑም ከእነሱ መጣ። በርበሬው ግን የእናቴ ነበር።