ቴስተሩ ጮኸ ማለት የጀልባው የኤሌክትሪክ ማሳ ደህና ነው ማለት አይደለም

የሞተር ጀልባው አልነሳ ይላል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው (ዋናውን ሞተር አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) «ጠቅ» ብሎ ዝም። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይመጣና አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው የሞተሩ ብረት ላይ ሲደረግ ይጮኻል። «ማሳው ደህና ነው፣ ባትሪው ነው የሞተው» ተብሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ጥቂት ቆይቶ ያው «ጠቅ» ይመለሳል፤ እሱም ሰው ተጭኖ፣ ሐይቅ መሐል ላይ።

ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የኔጌቲቭ መስመር ነው። ቴስተሩ በድምፅ ሲፈትሽ በመስመሩ የሚልከው ከአንድ አምፔር አንድ ሺህኛ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሪኖው ግን ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ከተበላ ኬብል አንዲት የመዳብ ክር ብትተርፍ ቴስተሩን ታስጮኻለች፤ ሞተሪኖ ግን አታዞርም።

ሒሳቡን እዩት፦ አምፔር በኦህም (በመስመሩ እንቅፋት መጠን) ሲባዛ የሚጠፋውን ቮልት ይሰጣል። አንድ የላላ መገጣጠሚያ 0.05 ኦህም ብቻ ቢይዝ፣ 3 አምፔር ለሚስብ የውሃ ማውጫ ፓምፕ የሚጠፋው 0.15 ቮልት ነው፤ ፓምፑ ምንም አይሆንም። በዚያው መገጣጠሚያ 100 አምፔር ለማሳለፍ ግን 5 ቮልት ይጠፋል። ከ12.6 ቮልት ውስጥ ለሞተሪኖው ቢበዛ 7.6 ይተርፈዋል፣ በዚያ ደግሞ አይዞርም። «መብራቱ ይበራል፣ ፓምፑም ይሠራል፣ ስለዚህ ማሳው ደህና ነው» የሚለውም አባባል እዚሁ ላይ ይወድቃል።

ትክክለኛው ፍተሻ ጭነት እያለ፣ ማለትም ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ እየሳበ፣ የሚጠፋውን ቮልት መለካት ነው። ቤንዚን ታንኩ ወይም ሞተሩ ያለበትን ክፍል መጀመሪያ ከፍታችሁ አናፍሱ፤ የታፈነ የቤንዚን ትነት ባለበት ብልጭታ አይፈቀድም። ማርሹ ፍሪ ይሁን፣ የድንገተኛ ማጥፊያውን ገመድ ንቀሉ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ያኔ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ (ከባትሪው በወጣው ጉጥ) በራሱ ላይ፣ ኬብሉን በያዘው ማሰሪያ ላይ ሳይሆን፣ ቀዩን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያዙ። ሌላ ሰው ቁልፉን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ያዙር። ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ጤነኛ ነው፤ 0.5 ካለፈ በሽታው እዚያ መስመር ላይ ነው። ቀጥሎ ጥቁሩን ከቦታው ሳታነሡ ቀዩን ደረጃ በደረጃ አንቀሳቅሱ፦ መጀመሪያ ማሰሪያው ላይ፣ ከዚያ የኬብሉ ጫፍ ላይ፣ ከዚያ የኬብሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ በመጨረሻ ሞተሩ ብረት ላይ። ቁጥሩ ድንገት የሚዘልበት ቦታ የተበላሸው ነው። በየደረጃው ቁልፉ እንደገና መዞር አለበት፤ ጭነት ከሌለ ቴስተሩ ሁልጊዜ ዜሮ ያሳያል፣ ዜሮውም ያታልላችኋል።

«ጣና ጨው ስለሌለው ሽቦ አይበላም» ይባላል። ይበላል። ጨው ነገሩን ያፋጥነዋል እንጂ፣ በጀልባ ወለል ሥር የሚታቆር ውሃና እርጥበት ለመዳብ ይበቃሉ። የኬብሉን ጫፍ ቆርጣችሁ ላስቲኩን ስትገፍፉ ክሩ ከጠቆረ፣ ቀይ ንጹሕ መዳብ እስኪወጣ ድረስ ወደ ውስጥ ቁረጡ። ጥቁረቱ ካላለቀ ኬብሉን ቀይሩት። አዲሱ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል።

«ማሳ ማለት ብረት ላይ ማሰር ነው» የሚለው ከመኪና የመጣ ልማድ ነው። የፋይበርግላስና የእንጨት ጀልባ አካል ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ከሆነ ደግሞ አካሉን እንደ ሽቦ መጠቀም ራሱን ጀልባውን ያስበላል። እያንዳንዱ መብራትና ፓምፕ የራሱ መመለሻ ሽቦ ይዞ ወደ አንድ የኔጌቲቭ ማሰባሰቢያ ይሂድ።

«ዋናው ማሳ ቢላላ ጉዳቱ አለመነሳት ብቻ ነው።» አደገኛው ይህ ነው። ወፍራሙ መንገድ ሲዘጋ የሞተሪኖው ጉልበት በቀጭን ሽቦ ወይም በመሪና በማርሽ ኬብል በኩል መመለሻ ሊፈልግ ይችላል፤ እነዚህም ግለው ሊቀልጡ ይችላሉ። መብራት ሲበራ የቤንዚን መለኪያው መርፌ ከዘለለ ወይም ያልበራ መብራት ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው የጋራ ማሳው ነው።

«ፖዘቲቩ ይወፍር፣ ኔጌቲቩ ቢቀጥን ችግር የለም።» በሁለቱም የሚያልፈው አምፔር አንድ ነው። ውፍረት ስትመርጡ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ርዝመት ደምሩ።

«የኬብሉን ጫፍ መበየድ ከመጭመቅ ይሻላል።» ብየዳ ኬብሉን ያደርቀዋል፣ የሞተሩ ንዝረትም ብየዳው ከሚያበቃበት ላይ ይሰብረዋል። በትክክለኛው መጭመቂያ ጭመቁና ውስጡ ሙጫ ባለው፣ በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ሸፍኑት።

በእጅ የሚጠበቅ ባለ ክንፍ ዳዶ ለሞተሪኖ ኬብል አይሆንም፤ በንዝረት ይላላል። በቁልፍ የሚጠበቅ ይሁን።

ቅባትም ኤሌክትሪክ አያሻሽልም። መጀመሪያ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ እሰሩ፣ አጥብቁ፤ ቅባቱ እርጥበት ለመከልከል ከላይ ይቀባል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ባትሪውን ስትፈቱ ኔጌቲቩ መጀመሪያ ይውጣ፣ ስትመልሱ መጨረሻ ይግባ፤ ከዚያ ያንኑ ልኬት በጭነት ድገሙት።