አንድ ስም፣ ብዙ ምግብ፦ የካሪቢያን ደሴቶች የምግብ ስሞች

በባርቤዶስ «አኪ» ብሎ የጠየቀ ሰው በዘለላ የተንጠለጠለ፣ ቅርፊቱ አረንጓዴ፣ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚከፈት ትንሽ ፍሬ ይሰጠዋል። ሥጋውን ከትልቁ ዘር ላይ እየመጠጠ ይበላል። በጃማይካ ግን በዚሁ ስም የሚጠራው ፍሬ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ሳይበስል ከተበላ ሰው ሊገድል ይችላል። የባርቤዶሱ አኪ ጃማይካ ሲደርስ ጊኔፕ፣ ትሪኒዳድ ሼኔት፣ ፖርቶ ሪኮ ኬኔፓ፣ ኩባ ማሞንሲዮ ይባላል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ታሪክ ነው። ደሴቶቹ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በሆላንድ ተከፋፍለው ተገዙ፤ በባርነት የመጡት አፍሪካውያን የየራሳቸውን ቃል ይዘው መጡ። ለምሳሌ አኪ የሚለው ስም መነሻው የምዕራብ አፍሪካው የአካን ቋንቋ ነው። ትሪኒዳድ እስከ 1797 የስፔን ግዛት ብትሆንም፣ ሰፋሪዎቿ በብዛት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለነበሩ የፍራፍሬ ስሞቿ ዛሬም ፈረንሳይኛ ይሸታሉ፤ አቮካዶ «ዛቦካ» ነው። ከ1845 እስከ 1917 ከሕንድ በውል የመጡ የእርሻ ሠራተኞች ደግሞ ድንቹን «አሉ»፣ ሽምብራውን «ቻና»፣ ደበርጃኑን «ባይጋን» አሰኙት። ደበርጃን በጃማይካ «ጋርደን ኤግ»፣ በጉያና «ባላንጄ» ነው። ጉያና በደቡብ አሜሪካ የብስ ላይ ብትሆንም በምግቧም በአነጋገሯም ከደሴቶቹ ወገን ትቆጠራለች።

ወደ ጃማይካው አኪ እንመለስ፤ የስም ስህተት ሕይወት ሊያስከፍል የሚችለው እዚህ ላይ ነውና። ፍሬው ቀይ ነው፤ ዛፉ ላይ እንዳለ ራሱ እስኪከፈት ድረስ አይቆረጥም። ያልተከፈተ ፍሬ ሃይፖግላይሲን የሚባል መርዝ በብዛት አለበት፤ መርዙ የደም ስኳርን ቁልቁል ይጥላል፣ ብርቱ ትውከት ያመጣል። ፍሬውን በቢላ አስገድዶ መክፈት እንደ መብሰል አይቆጠርም። ሲከፈት የሚታየው ሦስት ጥቁር አንጸባራቂ ዘርና ክሬም መልክ ያለው ሥጋ ነው። የሚበላው ሥጋው ብቻ ነው፤ ዘሩና በሥጋው እጥፋት ውስጥ ያለው ቀላ ያለ ስስ ሽፋን ተለቅመው ይጣላሉ። ከዚያ በጨው ውኃ ይቀቀላል፣ ውኃውም ይደፋል። አሜሪካ ከ1973 ጀምሮ እንዳይገባ ከልክላው ቆይታ፣ በ2000 ነው ለተፈቀደላቸው ፋብሪካዎች የጣሳ ምርት በር የከፈተችው። ከውጭ ሆኖ ለሚያበስል ሰው ጣሳው ይበቃዋል፤ ነገር ግን ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ውኃውን አጥልሎ መጨረሻ ላይ መጨመር ነው እንጂ ብዙ ካማሰሉት እንደ እንቁላል ፍርፍር ይፈራርሳል።

«ካላሉ» መርዝ የለበትም፤ አንዱ ዓይነቱ ግን ጉሮሮ ያሳክካል። በጃማይካ ካላሉ የአማራንት ቅጠል ነው፤ በአገራችን አሉማ የሚባለው ተክል ዘመድ ነው። የግንዱ ልጥ ይላጣል፣ ቅጠሉ ይከተፋል፣ ከሽንኩርትና ከጨው ዓሣ ጋር በራሱ እርጥበት አሥር ደቂቃ ያህል ይታፈናል። በትሪኒዳድ ደግሞ ካላሉ የጎደሬ ቅጠል ከባሚያ፣ ከዱባና ከኮኮናት ወተት ጋር፣ ብዙ ጊዜም ሸርጣን ተጨምሮበት የሚበስል ወፍራም ወጥ ነው፤ መጨረሻ ላይ በእንጨት መምቻ ይመታል። የጎደሬ ቅጠል አፍና ጉሮሮ የሚወጋጋ፣ እንደ መርፌ የሾለ የካልሲየም ኦክሳሌት ብናኝ አለው። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ካልተንተከተከ ማሳከኩ አይለቅም። ስለዚህ የጃማይካን አሠራር ይዞ በትሪኒዳድ ቅጠል የሚያበስል ሰው አሥረኛው ደቂቃ ላይ ድስቱን ያወርድና ማታውን ጉሮሮውን ሲያክክ ያድራል። ሃይቲ ሄደው «ካላሉ» ቢሉ ደግሞ የሚቀርብልዎ ባሚያ ነው።

ራስተፈሪያን ካላሉን «ኢላሉ» ይሉታል። በአነጋገራቸው የቃሉን መነሻ አውጥቶ በምትኩ «አይ»ን ወይም «ኢ»ን መተካት የተለመደ ነው፤ «አይታል» የሚባለው የአመጋገብ ሥርዓታቸውም ስሙን ያገኘው ሕይወት ሰጪ የሚል ትርጉም ካለው «ቫይታል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ መነሻው ተነስቶ ነው። ሥጋን «ዴደርስ» ይሉታል፣ ሙት ነገር እንደማለት ነው። ከሻሸመኔው የራስተፈሪያን ሰፈር ጋር የተዋወቀ ኢትዮጵያዊ አይታልን በቀላሉ «የጾም ምግብ» ብሎ ይተረጉመዋል። ግማሽ ልክ ነው። አይታል የአጽዋማት ቀን አይቆጥርም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ጥብቅ የሆኑት ጨው አይጨምሩም፣ የታሸገ ምግብም አይነኩም። አንዳንዶች ግን ትናንሽ ዓሣ ይበላሉ።

የጎደሬው ሥር ራሱ ሌላ የስም ጫካ ነው። ትልቁ ሥር በብዙ ደሴቶች «ዳሺን»፣ ትናንሾቹ ጸጉራም ሥሮች «ኤዶ» ይባላሉ። ሌላው የቅርብ ዘመዱ ግን በትሪኒዳድ «ታኒያ»፣ በጃማይካ «ኮኮ»፣ በፖርቶ ሪኮ «ያውቲያ»፣ በኩባ «ማላንጋ» ነው። የጃማይካው ኮኮ ከካካዎም ከኮኮናትም ጋር አይገናኝም። እነዚህ ሥራሥሮች፣ ካሳቫና ቦየ ተጨምረው፣ በምሥራቁ ደሴቶች «ፕሮቪዥን»፣ በጃማይካ ደግሞ «ሃርድ ፉድ» ይባላሉ፤ ያልበሰለ ሙዝም አብሮ ይገባል።

ገንፎ ያደገበት ሰው በባርቤዶሱ «ኩኩ» ቤቱን ያገኛል። በአንቲጓና በቨርጂን ደሴቶች «ፉንጂ» (ፈንጂ አይደለም)፣ በኩራሳው «ፉንቺ»፣ በጃማይካ «ተርን ኮርንሚል» ይባላል። ባሚያ የገባበት ኩኩ እንዲህ ይሠራል፦ ከስምንት እስከ አሥር ባሚያ ተከትፎ በስድስት ኩባያ ውኃ አሥር ደቂቃ ይቀቀላል፤ ባሚያው ወጥቶ ውኃው ይቀመጣል። ሁለት ኩባያ የበቆሎ ዱቄት አስቀድሞ በሁለት ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ እሳት ላይ ወጥቶ የባሚያው ውኃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ፣ ጠፍጣፋ በሆነ የእንጨት ማማሰያ ሳያቋርጡ ይማሰላል፤ ባሚያው መጨረሻ ላይ ይመለሳል። እንደ ገብስ ገንፎ ደረቁን ዱቄት የፈላ ውኃ ላይ መነስነስ እዚህ አያዋጣም፤ ሻካራው የበቆሎ ዱቄት ውጩ ቶሎ በስሎ ውስጡ ጥሬ የሆነ ጓል ይሠራል። ከድስቱ ጎን ሲላቀቅ ደርሷል። ቅቤ በተቀባ ሳህን ተገልብጦ በዓሣ መረቅ ይቀርባል፤ በባርቤዶስ ዓሣው የሚበር ዓሣ ነው።

በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው የበቆሎና የኮኮናት ምግብ በባርቤዶስ «ኮንኪ» ይባላል፤ በኅዳር ወር፣ አገሪቱ በ1966 ነፃ በወጣችበት በዓል ሰሞን ይበላል። ጃማይካ ላይ «ዱኩኑ» ነው፤ «ሰማያዊ የውስጥ ሱሪ»ም ይሉታል፣ እንግዳ ፊት ሳይሳቁ የሚጠሩት ስም አይደለም።

ገበያ ላይ ሰው የሚያሳስቱት ግን ተራ የሚመስሉት ቃላት ናቸው። በጃማይካና በባርቤዶስ «ፔር» ሲባል አቮካዶ ነው። በትሪኒዳድና በሴንት ሉሲያ «ፊግ» በለስ ሳይሆን ሙዝ ነው፤ የሴንት ሉሲያ ብሔራዊ ምግብ ያልበሰለ ሙዝና የጨው ዓሣ ነው። «ፒመንቶ» በጃማይካ ለጀርክ (በቅመም ታሽቶ ለሚጠበስ) ሥጋ የሚወቀጠው ክብ ጥቁር ቡናማ ቅመም ሲሆን በትሪኒዳድ የማያቃጥል፣ ሽታው ግን ጠንካራ የሆነ ቃሪያ ነው። በቃሪያው ፈንታ ቅመሙን የጨመረ ሰው ወጡ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይለዋል። «ፒስ» አተር ይምሰል እንጂ የጃማይካው ሩዝና ፒስ በቀይ ባቄላና በኮኮናት ወተት ይሠራል፤ በባሃማስ የርግብ አተር ነው፣ ይህንኑ አተር ጃማይካውያን «ጉንጎ» ይሉታል። «ቤክ» የሚባለው ቂጣ ስሙ የተጋገረ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በዘይት የተጠበሰ ነው። የባርቤዶስ «ሶልት ብሬድ» ጨዋማ አይደለም፣ ስኳር ያልገባበት ማለት ነው። «ሶረል» የኛው ከርከዴ ነው፤ ለገና ከዝንጅብል ጋር ይዘፈዘፋል። «ቲ» ማንኛውም ትኩስ የሚጠጣ ነገር ሊሆን ይችላል፣ የጃማይካው «ፊሽ ቲ» የዓሣ መረቅ ነው። ለልጅ «ስካይ ጁስ» የሚያዝ ሰው ደግሞ አገሩን ያረጋግጥ፦ በጃማይካ ሽሮፕ የፈሰሰበት የተፈጨ በረዶ፣ በባሃማስ ጂን ያለበት የኮኮናት ውኃ ነው።

በስፔንኛ ተናጋሪዎቹም ዘንድ እንዲሁ ነው። ባቄላ በኩባ «ፍሪሆሌስ»፣ በፖርቶ ሪኮና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ «አቢቹዌላስ» ነው። ፕላንቴን (እየበሰለ የሚበላ ትልቅ የሙዝ ዓይነት) በፖርቶ ሪኮ ተጠብሶ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ «ሞፎንጎ» ሲሆን፣ በዶሚኒካን ተቀቅሎና ተፈጭቶ «ማንጉ» ይሆናል። ሙዝ በሁለቱም «ጊኔዎ» ነው፣ ብርቱካን ደግሞ በፖርቶ ሪኮ «ቺና»። ፓፓያን ዶሚኒካኖች «ሌቾሳ» ይሉታል፤ ሃቫና ላይ ግን «ፓፓያ» የሴት ኀፍረተ ሥጋ ስድብ ስለሆነ ሻጯ ፊት «ፍሩታ ቦምባ» ይባላል።