መቼት ምንድን ነው? አድራሻ ነው የሚሉትን በተመለከተ

ስለ አንድ ልቦለድ የተጻፈ አስተያየት ስታነቡ «የታሪኩ መቼት አዲስ አበባ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር አታጡም። ከዚያ አራት ነጥብ፣ ከዚያ ወደ ገጸ ባሕርያቱ። የነገሩን አድራሻ ነው፤ ለፖስተኛ ይጠቅም ይሆናል።

ቃሉ «መቼ» እና «የት» ተጣብቀው የተገኘ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሁለት ጥያቄ ስለሆነ ሁለት መልስ ሰጥቶ መገላገል ይመጣል፦ መቼ? በ1967። የት? ጉለሌ። አለቀ። መቼት ግን ገጸ ባሕርያቱ ምን ማድረግ እንደሚችሉ፣ ምን እንደማይችሉ፣ ምን ደግሞ አድርገውት ዋጋ እንደሚከፍሉበት የሚወስነው የጊዜና የቦታ ሁኔታ ነው። ዓመቱና የሰፈሩ ስም ወደዚያ የሚያደርሱ ምልክቶች ናቸው።

ገበጣን አስቡ። ከእንጨት ጠርቦ ዳር ዳሩን በሐረግ አስጊጦ የሚሠራው አለ፤ ልጆች ደግሞ መሬት ቆፍረው በጠጠር ይጫወታሉ። የጉድጓዱ ቁጥር እኩል እስከሆነ ድረስ ጨዋታው ያው ነው። ሁለቱን ረድፍ ሦስት ብታደርጉት ግን ጠጠሮቹ እነዚያው ሆነው ጨዋታው ሌላ ይሆናል። ሐረጉ ገለጻ ነው፤ ጉድጓዱ መቼት ነው። ጀማሪ ደራሲ ብዙውን ጊዜ ሐረግ ሲቀርጽ ይውልና ጉድጓዱን ሳይቆፍር ይመሽበታል። በጨዋታ መካከል አንዱን ጉድጓድ በአፈር የሚደፍን ደግሞ አጭበርባሪ ነው፦ በምዕራፍ ሁለት «እዚህ አገር ሴት ብቻዋን መንገድ አትወጣም» ብሎን፣ በምዕራፍ ዘጠኝ ጀግናዋን ማንም ሳይጠይቃት በሌሊት ሦስት ወረዳ የሚያሻግራት ደራሲ እሱ ነው። ምሳሌው ከዚህ በላይ አይሄድም፤ ገበጣ ተጫዋቹን አይለውጠውም፣ መቼት ግን ሰውን ይለውጠዋል።

አንድ ግቢ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ሦስት ቤት አለው፤ በአንዱ ይኖራል፣ ሁለቱን ያከራያል። የተከራዩ ልጅና የባለቤቱ ልጅ ተዋደዋል። ይህን በሰኔ 1967 ጻፉት፦ የልጁ አባት የሚፈራው አከራዩን ነው፤ ነገሩ ቢሰማ በነጋታው ዕቃቸው ደጅ ላይ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የወጣው በሐምሌ 1967 ነው። እንግዲህ ያንኑ ትዕይንት ወደ ነሐሴ አሻግሩት። ግቢው ያው፣ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ሰውየው ግን አከራይነቱ ቀርቷል። ማስወጣት አይችልም፤ ማኩረፍ ግን ይችላል። የተከራዩ ፍርሃትም ከአከራዩ ወደ ቀበሌ ይዞራል። ሐያሲያችን ለሁለቱም «መቼቱ አዲስ አበባ፣ 1967» ብሎ ይጽፋል። አድራሻው ልክ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ግን በአንድ አድራሻ ተቀብረዋል።

ከዚህ የባሰው «ቦታና ዘመን ካልተጠቀሰ መቼት የለም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው በ1900 ዓ.ም. ሮም ታትሞ የወጣውን፣ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ ምን ሊያደርገው ነው? ታሪኩ የሚፈጸመው በውል ባልተነገረ ጥንታዊ ዘመን ነው። ነገር ግን በጦርነት የተማረከ ሰው በገንዘብ የሚዋጅበት፣ መንገደኛ ወጣት በባሪያ ፈንጋይ እጅ የሚወድቅበት፣ እኅቱም እሱን ፍለጋ ስትወጣ የወንድ ልብስ መልበስ የሚያስፈልጋት ዓለም ነው። ያቺ የወንድ ልብስ መቼት ናት! ስለ ዘመኑ አንድ ገጽ ከሚፈጅ ማብራሪያ ይልቅ በዚያ አገር ለሴት ምን እንደተከለከለ የምትነግረን እሷ ናት።

ረቂቃችሁን ለመፈተን አንድ ትዕይንት ምረጡ፤ ቢቻል ሁለት ሰዎች የሚጋጩበትን። የከተማውንና የዓመቱን ስም ሰርዙ። ከዚያ ትዕይንቱን ወደ ሌላ ከተማ፣ ሃያ ዓመት ወደኋላ ወይም ወደፊት ውሰዱት። አንድም ንግግር፣ አንድም ድርጊት መለወጥ ካላስፈለገ አድራሻ እንጂ መቼት አልጻፋችሁም። ያን ጊዜ የአየር ጠባይ አትጨምሩ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ መቼቱ ሳሳ ሲሉት ጉም ያመጣል። ይልቅ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ እዚህ፣ አሁን፣ ምን ማድረግ አይችልም? ምን ቢያደርግ ያሳፍረዋል? የሚፈልገውን ለማግኘት የማንን ደጅ መጥናት አለበት? ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ትዕይንቱ ውስጥ እንቅፋት ሆኖ መታየት አለበት። ማስጠንቀቂያም አለው፦ ፈተናው ለእያንዳንዱ ትዕይንት አይሠራም። አንዲት እናት ልጇን ቀብራ ስትመለስ ያለው ዝምታ የትም ቢወሰድ ላይለወጥ ይችላል። ሙሉው ልቦለድ እንዲህ ከሆነ ግን ጣጣ አለ።

የዘመን ስህተት ላይ የሚዘምቱም አሉ። በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ወጥ ውስጥ በርበሬ ተነስንሶ ካገኙ መጽሐፉን ይወረውራሉ። ልክ ናቸው፤ በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፣ ወደኛ ሊመጣ የሚችለው ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። በፋሲል ዘመን ጎንደር ላይ የሚሸት ባሕር ዛፍም እንደዚሁ፤ ዛፉ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው። ቢሆንም እነዚህ ሐረግ ላይ ያሉ ጭረቶች ናቸው፤ አርታኢ በአንድ ደቂቃ ይፍቃቸዋል። በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቤት ሲነጥቅ ብታዩ ግን የሚፋቅ ነገር የለም። ቀበሌ ገና አልተፈጠረም፤ ሴራው የቆመው በሌለ ጉድጓድ ላይ ነው።

ተርጓሚዎችና ከውጭ ቋንቋ እያሰቡ የሚጽፉ ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። «ጠዋት 7 ሰዓት ላይ ቁርሱን በላ» ሲባል አንባቢ ምሳ ሰዓት ላይ ቁርስ የሚበላ ሰው ያያል። «በ1974 ክረምት» ብሎ እ.ኤ.አ. መሆኑን ያልነገረን ደራሲ፣ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሳምንት የቀራቸውን አገር አስቦ፣ ደርግ ስምንት ዓመት ሊደፍን ወደተቃረበበት አገር ይልከናል። ጁንን ሰኔ ብሎ፣ ከሰኔ ጋር የአውሮፓን በጋ ይዞ የሚመጣም አለ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ በሰኔ ማብቂያ አቧራ ያስነሳል። ቦረና ላይ ቢሆን ግን አይፈረድበትም፤ እዚያ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ሰኔ ላይ ሰማዩ ተዘግቷል፣ እረኛውም ሳሩና ውኃው እስከ ጥቅምት ያደርሰው እንደሆነ መቁጠር ጀምሯል።