መጠራጠር መናፍቅ መሆን አይደለም

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉባኤ በኋላ አንዲት ልጅ ሌላው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ ቀረች። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች፣ አንገቷን ደፍታ፣ «መምህር፣ ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። መናፍቅ ሆንኩ እንዴ?» አለችኝ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ በየጊዜው ሰዎችን የሚያስጨንቁትን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«የተጠራጠረ ሰው መናፍቅ ነው»

ያደናገረን ቃሉ ራሱ ነው። በግእዝ «ናፈቀ» ማለት ተጠራጠረ፣ ልቡ ተከፈለ ማለት ነው፤ እኩሌታ የሚባለው «መንፈቅ» ከዚያው ይመጣል። በአማርኛ ግን መናፍቅ የምንለው የተሳሳተ ትምህርት ይዞ የጸናውን ነው። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ 318ቱ ሊቃውንት የምንላቸው አባቶች አርዮስን ያወገዙት ስለተጠራጠረ አልነበረም። እንዲያውም እርግጠኛ ነበር፤ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ፣ ቢመከርም አልመለስም አለ። ሌሊት እንቅልፍ አጥታ የምታለቅስ ልጅ ከእርሱ ጋር ምን ያገናኛታል?

«ከሐዋርያት የተጠራጠረው ቶማስ ብቻ ነው»

በቶማስ ላይ ይህን ያህል መጨከናችን ያሳዝነኛል። ሴቶቹ የትንሣኤውን ዜና ሲነግሯቸው ለሐዋርያቱ ነገሩ «ቅዠት» መስሎ እንደታያቸው ሉቃስ ጽፏል (24፥11)። በገሊላ ተራራ ላይ እንኳ «ባዩትም ጊዜ ሰገዱለት፤ የተጠራጠሩ ግን ነበሩ» ይላል ማቴዎስ (28፥17)፤ ስግደቱም ጥርጣሬውም በአንድ ቦታ ላይ ነበሩ። መጥምቁ ዮሐንስም ከወኅኒ ቤት ሆኖ «የሚመጣው አንተ ነህን? ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ላከ። አባቶች ይህን ያስጠየቀው ለደቀ መዛሙርቱ ብሎ ነው ይላሉ፤ እንደዚያም ቢሆን የጠየቁት አልተገፉም፣ ያዩትንና የሰሙትን ሄደው እንዲነግሩት ተላኩ።

የቶማስ ታሪክ ላይ ብዙዎቻችን የምናልፈው አንድ ነገር አለ። «ካላየሁ አላምንም» ካለበት ቀን ጀምሮ ጌታ ዳግመኛ እስኪገለጥ ስምንት ቀን አለፈ። በስምንተኛው ቀን ቶማስ ከወንድሞቹ ጋር ነበር (ዮሐ 20፥26)። አላባረሩትም፤ እርሱም ጥሏቸው አልሄደም። ቤተ ክርስቲያናችን ከፋሲካ በኋላ ያለውን ማክሰኞ በስሙ ቶማስ ብላ ስትጠራው፣ ጌታ ለቶማስ የተገለጠበትን ስምንተኛውን ቀን፣ እሑድን፣ ደግሞ ዳግም ትንሣኤ ብላ ታከብረዋለች።

«ያዕቆብ የሚጠራጠር ምንም አያገኝም ብሏል»

በመልእክቱ ብሏል፤ ግን ከአንድ ቁጥር በፊት ጀምረን እናንብብ። ጥበብ የጎደለው ሰው «ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን» እግዚአብሔርን ይለምን ይላል (1፥5)። ሳይነቅፍ! ቀጥሎ የሚገሥጸው ሁለት አሳብ ያለውን፣ ልቡን ከፍሎ የሚኖረውን ነው። ልቡ እየተከፈለበት እርዳኝ ብሎ የሚጮኸው ሌላ ነው። ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ (ማር 9፥24)። ልጁም ተፈወሰ።

«መጠየቅ ድፍረት ነው»

የአንድምታ ትርጓሜያችንን የሰማ ሰው ይህን ባላለ ነበር። መምህሩ ንባቡን አንሥቶ «ስለ ምን ቢሉ» እያለ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ጉባኤ ቤቱ የቆመው በጥያቄ ነው።

«ጸሎትና ስግደት ካበዛህ ይጠፋል»

ጸሎት አይተው፤ እኔም አልተውኩም። ነገር ግን ጥርጣሬ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከንባብ የመጣ ጥያቄ መምህር ይፈልጋል። ሳይፈልጉት እየተመላለሰ የሚያሰቃይ የስድብ ሐሳብ ሕመም ሊሆን ይችላልና ከንስሐ አባት ጋር የአእምሮ ሐኪምም ማማከር ነውር የለውም። ከሐዘንና ከድካም የሚመጣም አለ። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ሆኖ ነፍሴን ውሰድ ሲል መልአኩ አልገሠጸውም፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም ደግሞ ተኛ (1ኛ ነገ 19)።

ያቺ ልጅ እናቷ ከታመሙ ወዲህ ሌሊቱን ስታስታምም ታድር ነበር። ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። «ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለችኝ በኋላ፤ «አባ ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ‹ልጄ፣ ለመሆኑ እንቅልፍ ከተኛሽ ስንት ቀንሽ ነው?› ብለው ነው።»